ዝይ የተባለው አማች

አዛውንቷ ፒል-ሱን የዱር ዝይን የሚያውቁት ስሙን ከመጻፋቸው በፊት ነው። መከር ሲያልቅ የወደቀ ሩዝ ሊለቅም እርሻቸው ላይ ይሰፍር ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በመንደሩ አዳራሽ ፊደል ሲቆጥሩ፣ አስተማሪዋ «ጊሮጊ» ብላ የወፉን ስም ጻፈችና፣ «ጊሮክ፣ ጊሮክ እያለ ስለሚጮህ ነው እንዲህ የተባለው» አለች።

«እሱንማ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል» አሉ ፒል-ሱን።

ዝይ አንዴ ከተጣመረ ሌላ አያይም ይባላል። ስለዚህ በአገሩ ልማድ ሙሽራ ለአማቱ ከእንጨት የተቀረጸ ዝይ ያመጣል። ኪ-ቴም ልጃቸውን ናን-ሂን ሲያገባ አምጥቶ በቀሚሳቸው ተቀብለውታል። አሁን ናን-ሂ ልጆቿን ለማስተማር ካናዳ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ኪ-ቴ ሴኡል ብቻውን ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ባል አገሩ ሁሉ «ዝይ አባት» ይለዋል። ፒል-ሱን ግን ስም ሰውን ይጠብቃል ብለው አያምኑም። ናን-ሂም ሰሞኑን በስልክ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ጠዋት ስደውልለት እየቸኮለ ይዘጋዋል። ሌላ ሰው ይኖር ይሆን? ሄደሽ እስቲ እዪልኝ» ብላቸው ነበር።

ሳይናገሩ ኪምቺያቸውን፣ በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመናቸውን፣ ተሸክመው ሄዱ። ኪ-ቴ ሥራ ወጥቷል። የበሩን መክፈቻ ቁጥር ከወረቀት ላይ አንብበው ከፈቱ። ቤቱ ተጠርጓል፤ አላማራቸውም። ዕቃ ማድረቂያው ላይ ሁለት ማንኪያና ሁለት የሩዝ ሳህን አሉ፤ ሁሉም እርጥብ። ማቀዝቀዣው ውስጥ በቀጭኑ የተከተፈ ፍጅል አለ። ኪ-ቴ እንኳን ፍጅል ሊከትፍ፣ እንቁላል ሲጠብስ መጥበሻ ያሳርራል። ትራሱን ገልብጠው የሴት ፀጉር ፈለጉ። አንድም የለም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አላማራቸውም።

ኪ-ቴ ከሥራ ሲገባ በሩ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«እናቴ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርህ ማንኪያዋን ትደብቃታለህ።»

«የቷን ማንኪያ?»

«ሁለተኛዋን።»

የኪ-ቴ ጆሮ ቀላ። «የጎረቤቴ የናም ናት። ታች ቤት ነው የሚኖረው፤ እሱም እንደኔ ዝይ ነው። ብቻችንን አልዋጥልን ሲል፣ ቁርስም እራትም አብረን መብላት ጀመርን።»

«ጥራት።»

«ወንድ ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ጥራው።»

ናም ድስት አቅፎ በነጠላ ጫማ መጣ። ፒል-ሱን ጣቶቹን አዩ፤ ሁለቱ በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

«ፍጅሉን ማን አስተማረህ?»

«ስልኬ፣ እማማ።»

ቀመሱት። ጨው በዝቶበታል። ሴት እንዲህ አታበዛም ብለው አሰቡ፤ ብልጥ ሴት ግን ሆን ብላ ልታበዛ ትችላለች። ናም ዕቃ ሊያጥብ ሲነሳ ወደ አማቻቸው ጠጋ አሉ።

«ሚስትህ ስትደውል የምትቸኩለው ለምንድን ነው?»

ኪ-ቴ ወደ ናም ጀርባ ተመለከተ። «የሱ ሚስት ከደወለች ወር አለፋት» አለ በሹክሹክታ። «አጠገቡ ሆኜ መሳቅ ከበደኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ናን-ሂ ደወለች። «እማዬ፣ ሌላ ሰው አለ?»

«አለ» አሉ ፒል-ሱን።

«ማናት?» አለች ናን-ሂ።

«መላጣ ነው። ፍጅል ላይ ጨው ያበዛል። ይልቅ ቶሎ ነይ፤ ሁለቱም ከስተዋል።»