እጅሽን ብቻ አንቀሳቅሺ

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን መሪ ከሙዚቃ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ማጨብጨብ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰው ዘግይቶ ነው። ካኪውን አስተኩሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲገባ ግን ክራርን የፈጠረው እሱ ይመስል ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ንፋስ ስልክ ነበር የምንኖረው፤ ከቤታችን ወዲያ እስከ ላፍቶ ድረስ ማሳ ነው። ቀበሌው ለበዓል የሚዘፍኑ ሕፃናት ሲመለምል እኔንም ወስደው ክራር አስያዙኝ።

በመጀመሪያው ልምምድ ክሩን ነካ ባደርገው ሰውዬው ጮኸብኝ።

«አንቺ! ማን ምቺ አለሽ? ዘፈኑ ከቴፕ ነው የሚወጣው። እጅሽን ብቻ አንቀሳቅሺ!»

አንቀሳቀስኩ። አንድ ቀን እናቴ የራሷን ክራር ከግድግዳ አውርዳ፣ «እስቲ የተማርሽውን አሳዪኝ» አለችኝ። ልጅ ሳለች ከወንድሟ የተማረችበት ክራር ነው። እኔም ኮራ ብዬ ጣቶቼን አየር ላይ አርገበገብኩላት።

«ይኼ ነው?» አለች። «ዝንብ ማባረር ነው ያስተማሩሽ?»

በማግስቱ እጄን ይዛ ቀበሌ፣ ሰውዬው ዘንድ ሄደች።

«ጓድ፣ ልጄን ክራር የሚያስተምሯት መቼ ነው?»

«መድረክ ላይ ሲታይ ማን ያውቃል?» አላት፣ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ። «ሰፊው ሕዝብ የሚፈልገው ማየት ነው።»

«ሰፊው ሕዝብ ጆሮ የለውም?» ብላው ይዛኝ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ፊት እቀመጣለሁ። ክሮቹን ራሴ እንድቃኝ ታደርገኛለች፤ ስሳሳት «እንደገና» ትላለች። ጣቴ ቆስሎ ሳለቅስ ቅቤ እየቀባች፣ «ቆዳው ሲጠነክር ሕመሙ ይተውሻል፤ ነገ ቀስ ብለሽ ትሞክሪዋለሽ» ትለኛለች። ጠልቻት የተኛሁበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ዜማ ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ወጣልኝ። እናቴ ልብስ ማጠቧን ትታ፣ አረፋ በያዘው እጇ ቆማ አዳመጠችኝ። እኔም ሌላ ምስጋና አልፈለግኩም።

የአብዮት በዓል ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ተመልካች ሆኜ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ መሀል ላይ ቴፑ ካሴቱን በላው። ምስኪኖቹ ልጆች እንደታዘዙት ያለ ምንም ድምፅ እጃቸውን ማንቀሳቀሳቸውን ቀጠሉ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰውዬው «አሻጥር ነው!» እያለ ቴፑን በጡጫ ይደበድብ ጀመር። አንድ አሮጌ ካሴት ፀረ አብዮት ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይባረራል ብዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አሳደጉት፤ ከቀበሌያችን በላይ ያለው የከፍተኛው አስተዳደር የኪነት ኃላፊ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ የዘመድ ሠርግ ላይ ክራር ስጫወት ከእንግዶቹ መሀል አየሁት። አጠገቡ ላሉት፣ «ይቺን ልጅ ክራር ያስያዝኳት እኔ ነኝ» እያለ ያወራል። ዜማው ሲያልቅ ጭራሽ ወደ እኔ መጣ።

«አስታወስሽኝ?»

«አላስታወስኩዎትም» አልኩትና ለሚቀጥለው ዜማ ክሩን መቃኘት ጀመርኩ።