ሁሉን ያነባል የተባለው የላውንደሪ ባለቤት

የሚወራው እንዲህ ነው። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው የላውንደሪ ባለቤት በቀን መቶ ብሎግ ያነባል። መቶ ሲባል ርእስ ርእሱን ገረፍ አድርጎ ማለፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር ነው። መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረው በንባብ ብዛት ነው። የጦማሪዎቹን ልጆች በስም፣ ድመቶቻቸውን በጅራት ለይቶ ያውቃል። ይባስ ብሎ አባቷ የሞተባትን አንዲት ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአልጋዋ አስነሥቶ እንደገና እንድትጽፍ አድርጓታል። ወሬው ካፌ በገባ ቁጥር ሻይ ሳይቀርብ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ባለፈው ሰሞን ዓይኑን ጨፍኖም ያነባል ተብሏል።

ቆም ብሎ ላሰበው ግን ነገሩ አይገጥምም። ልብስ የሚተኩስ ሰው ስንት እጅ አለው? በአንዱ ካውያውን ይዟል፣ በሌላው የሸሚዙን ክንድ ወጥሯል። ታዲያ ስልኩን በምኑ ይዞ ነው የሚያነበው፣ በአፍንጫው? መነጽሩም ቢሆን ብሎግ የሚባል ነገር ሳይፈጠር ጀምሮ ወፍራም ነበር። በልጅነታቸው ታናሽ እህቱ ከፊቱ ላይ መንጭቃ ትሮጥና ፀሐይ ላይ ደቅና ወረቀት ታቃጥልበት ነበር።

የነገሩ መነሻ እድፍ ነው። ሰውየው ስለ እድፍ ይጽፋል። ብሎጉን «የእድፍ ወግ» ብሎ ሰይሞ፣ የቀለም እድፍ እንዴት እንደሚለቅ፣ የዘይት እድፍ ለምን እንደሚያኮርፍ፣ የከንፈር ቀለም አንገትጌ ላይ ያገኘ ሰው ለማን እንደሚናገርና ለማን ዝም እንደሚል ያትት ነበር። ሰው ገመናውን ከሐኪም ይደብቃል፣ ለላውንደሪ ግን በፌስታል ቋጥሮ ያመጣል፤ ስለዚህ ወሬ አያጥረውም። ያጠረው አንባቢ ነው። ያለችው አንባቢ አንዲት ነበረች፤ እሷም እህቱ ናት፤ እሷም የምታነበው ስለ እኔ ጽፎ እንደሆነ ብላ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣» ትለዋለች ባንኮኒው ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ «እኔ ብቻ የማነበው ከሆነ ለምን ዝም ብለህ አትነግረኝም? ጣትህንም አታደክመው።»

እንዲህ ሲሰነብት፣ አንድ ቀን አንድ ምክር አገኘ። አንባቢ የፈለገ ጦማሪ መጀመሪያ ሌሎቹ ጋ ይሂድ፤ ያንብብ፣ አስተያየት ይስጥ፣ ይመላለስ፤ እነሱም ይመጣሉ ይላል። ምክሩ ልክ ነበር። ሰውየውም በቅንነት ጀመረው። አንድ እርግብ አርቢ ጦማሪ ስለ ጠፋችበት እርግብ የጻፈውን ሙሉ ጽሑፍ አንብቦ፣ ከጽሑፉ የሚረዝም አስተያየት ጻፈለት። እርግቧ ራሷ ብታነበው ትመለስ ነበር። ችግሩ፣ አንዱን አንብቦ እስኪጨርስ ሌሎቹ ዐሥር ይጽፋሉ፤ ካውያው ደግሞ ሥራውን ትቶ አይጠብቅም። የአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሱሪ ላይ የካውያ ቅርጽ እንደ ማኅተም ታተመ።

«ወይ ተኩስ ወይ አንብብ፣» አለችው እህቱ ሱሪውን ብርሃን ላይ አንሥታ በቀዳዳው እያየችው። «ሁለቱንም ከሆነ ሰዉን ራቁቱን ልታስቀረው ነው።»

ያኔ ነው መላው የመጣለት። ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ስልኩ ላይ አስቀመጠ፦ «በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እጠብቃለሁ። እኔም ጋ ብቅ በሉ፣ ስለ እድፍ እጽፋለሁ።» ካውያው እስኪግል ድረስ ያችን ይለጥፋል። አንድ ብሎግ ከፍቶ ይለጥፋል፣ ይወጣል፤ ሌላው ጋ ገብቶ ይለጥፋል። ጣቱ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሲለጥፍ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሰው ቅር ቅር ይለው ነበር፤ ኋላ ግን እግሩ ለመደው።

ይኸው መጡለት። እርግብ አርቢው መጣ፣ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ መጣ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የመሬት ቀያሽም መጡ። ቀያሹ የሚጽፉት ስለ አውቶቡስ ማቆሚያዎች ነው። ስለ ማቆሚያ ያላቸውን ሁሉ ጽፈው ጨርሰው «ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፣ ደኅና ሁኑ» ብለው ተሰናብተው ሳለ፣ ከሥሩ «ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እጠብቃለሁ» የሚል ተለጠፈ። ሽማግሌው እንባ አውጥተው አለቀሱ ይባላል። ይህን ያህል የሚጠብቀኝ ሰው ካለማ ብለው ዐሥራ ሁለት ክፍል ጨመሩ። «ሁሉን ያነባል» የሚለው ወሬም ከዚያ ተነሣ። ሰውየው ወሬውን ሲሰማ አላመነም፣ አልካደም። መነጽሩን ብቻ ይጠርጋል።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት የወንድ ኮት በክንዷ ታቅፋ ገባች። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ጣቶቿ ላይ የልጆች የውሃ ቀለም አለ። እህቱ የተተኮሰ ልታደርስ ወጥታ ነበር።

«እርስዎ ነዎት?» አለችው። «የ‹አባቴ ወንበር› ጸሐፊ ነኝ።»

«ኦ፣ የአባትሽ ወንበር!» አለ፣ ወንበር ሊጠገን የመጣ መስሎት በሩን በዓይኑ እየፈለገ።

«አባዬ ያረፈ ዕለት የጻፍኩትን ያስታውሳሉ አይደል? ሁሉም ‹መጽናናቱን ይስጥሽ›፣ ‹መጽናናቱን ይስጥሽ› አለኝ። አንድ ሰው አንድ ማኅተም ይዞ የመታው ይመስል ነበር። ከዚያ የእርስዎ መጣ። ‹በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እጠብቃለሁ።›»

ሰውየው ክው አለ። ካውያው አጠገቡ ይጮሃል፣ እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል፤ ያላበው ግን በእንፋሎቱ አይደለም።

«መጀመሪያ ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት፣» አለች ሴትየዋ። «ሰደብኩዎትም፣ ይቅር ይበሉኝ። ብሎጉን ልዘጋው ነበር፣ አልጋ ይዤ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ ይህ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮኝ ያነበበ ነው፤ የማያውቀውን አይልም አልኩ። አባትሽ አላለቀም ማለትዎ ነው። ተነሥቼ ጻፍኩ።»

ይህን ስትል ፈገግ አለች። መሬት ተሰንጥቃ ሰው የምትውጥ ቢሆን ቁጥር ተቀብሎ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ኮቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ግራጫ ነው፤ ደረቱ ላይ ሾርባ፣ ኪሱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም፣ አንገትጌው ላይ ቅባት፣ እጅጌዎቹ ላይ የማይታወቅ ሁሉ። «ወንበሩ ላይ ልሰቅለው ነው፣» አለች። «ሁሉም ይውጣ። አንዷ ግን ትቅር። የትኛዋ እንደሆነች ለእርስዎ አልነግርም፤ አንብበውታል።»

«አውቃለሁ፣» አለ።

ቃሉ ተተኩሶና ታጥፎ ነው ከአፉ የወጣው።

ሴትየዋ እንደሄደች ኮቱን እዚያው ትቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከተሰቀሉት ልብሶች ኋላ፣ በአንድ የሙሽራ ቀሚስና በአንድ የዘበኛ ካፖርት መካከል ባለ ርካሽ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እድፏን የት እንደጻፈቻት ስለማያውቅ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰበቡ ይህ ነበር። ሁለት ገጽ ሄዶ ግን ሰበቡን ረሳው። አባትየው ቀስ በቀስ ሰው እየረሳ የሄደ አናጢ ነበር። የልጁ ስም ጠፍቶበት የመዶሻው ስም ያልጠፋበት። ሐኪሙን «አንተ መጋዜን መልስ» ብሎ አንገቱን ያነቀ። ሰውየው ብቻውን ሣቀ። ትንሽ ቆይቶ የዘበኛውን ካፖርት ጫፍ ስቦ ዓይኑን ጠረገበት። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የራሱን ዓረፍተ ነገሮች ያገኛል፦ ሽማግሌው የጠፋ ቀን «በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው»፤ ሽማግሌው ልጁን «ሴትዮ፣ ማን ነሽ?» ያለ ቀን «እኔም ጋ ብቅ በሉ፣ ስለ እድፍ እጽፋለሁ።» ሰካራም ሰው ሠርግ ያበላሸበትን ቪዲዮ በማግስቱ እንደሚያይ ነው ያየው። ጉንጩ ነደደ። ብዙ ጊዜ ስልኩን ሊዘጋው ብሎ ጣቱ አልታዘዘውም፤ ቀጣዩን ክፍል በእውነት ፈልጎ ነበር።

ደረሰባት። ሴትየዋ አንድ ጠዋት ሻይ ደፍታ፣ ሻዩን ሰበብ አድርጋ ታለቅሳለች። አባትየው ሲያያት ቆየና ጠረጴዛውን በኮቱ ቀኝ እጅጌ ጠራረገ። «አይዞሽ፣ ድንቢጤ፣» አላት። ድንቢጤ በሕፃንነቷ የሚጠራት ስም ነው። ከዚያ በኋላ በምንም ስም አልጠራትም።

ብድግ ብሎ ሮጠ፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ከነመስቀያው ትከሻው ላይ ተከተለው።

ተመልሳ የገባችው እህቱ ኮቱን ከፍ አድርጋ እያገላበጠች ነበር፤ ከማሽኑ የወጣና ደርቆ ያለቀ። «የት ጠፋህ?» አለችው። «እየው እስቲ፣ አዲስ አልመሰለም? የሻዩ እድፍ ብቻ ትንሽ አስቸገረኝ። አንተ ባልከው መንገድ ነው ያስለቀቅኩት፤ በአቼቶና በለብ ያለ ውሃ፣ ሳይፈተግ መታ መታ። እኔ እኮ አንባቢህ ነኝ።»

ቀኝ እጅጌውን ያዘ። ጠራ ያለ ግራጫ። አዲስ የተወለደ ሕፃን እንኳ እንዲህ አይነጻም።

ሁሉን ነገራት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። እህቱ ከጀርባዋ ያለውን የሻይ ብርጭቆ ገፋ አደረገችለት።

«ጠብ አድርጋት፣ ወንድም ጋሼ። እጅጌ ነው፤ ሻይም ሻይ ነው። ማን ይለየዋል?»

ዕድሜውን ሙሉ እድፍ ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ብርጭቆውን አንሥቶ እጅጌው ላይ አጋደለ። ሻዩ የብርጭቆው አፍ ጋ ደርሶ ቆመ። እንግዲህ ይህም አራተኛ ዓረፍተ ነገር መለጠፍ ነው። ብርጭቆውን መለሰና ሻዩን ራሱ ጠጣው፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ ስኳርም አልነበረውም።

ሴትየዋ ኮቱን ልትወስድ ስትመጣ ብቻዋን አልነበረችም። ቀያሹና እርግብ አርቢው ተከትለዋታል፤ ይህን ተአምረኛ አንባቢ በዓይናቸው ሊያዩ። ቀያሹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። «በቀን መቶ!» ይላሉ ለእርግብ አርቢው። «እኔ በመንግሥት ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ መቶ ደብዳቤ አላነበብኩም። ያውም የልጅ ልጄን ስም ሳይቀር ያውቃል ይላሉ።»

«እርግቤ ትመለስ አትመለስ የሚያውቀውም እሱ ነው፣» አለ እርግብ አርቢው።

ሴትየዋ ኮቱን ተቀብላ ቀጥታ ወደ ቀኙ እጅጌ ሄደች። አየችው። ወደ ግራው ገለበጠች። ወደ ቀኙ ተመለሰች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሱቁ ውስጥ ካውያው ብቻ ይተነፍሳል። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ተስፋ ብልጭ አለ፤ ሰውየውን ካየው ሁሉ በላይ ያቃጠለው እሱ ነው።

«አውቀው ነው ያስለቀቋት፣ አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «ይበቃሻል፣ ቀጣዩ ክፍል ይኸው ለማለት።»

«እንዴታ!» አሉ ቀያሹ። «ጥልቅ ሰው ነው እኮ።»

በሩ ተከፍቶለት ነበር። ራሷ ናት የከፈተችለት፤ መነጽሩን ጠረግ አድርጎ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። እህቱ ከባንኮኒው ኋላ ታየዋለች። መነጽሩን አወለቀ፣ ግን አልጠረገውም። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«አይደለም፣» አለ። «እድፏ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም ነበር። ያንቺን ያነበብኩት ኮቱን ካመጣሽ በኋላ ነው። በቀን መቶ ብሎግ አላነብም፤ አንድም አላነብም። ያችን ዓረፍተ ነገር ካውያ እስኪግል ለሁላችሁም ለጠፍኳት፤ አባትሽ እንደሞተ አላወቅኩም። የማንንም ልጅ ስም አላውቅም። እርግቧም ትመለስ አትመለስ አላውቅም። መነጽሬ ከልጅነቴ ነው። አንቺን ከአልጋ ያስነሣሁሽ እኔ አይደለሁም። ስለ እኔ የሚወራው አንዱም እውነት አይደለም።»