ግጥም የተጻፈበት ጫማ

«ይሄ የልጄ ጫማ ነው» አሉ አንዲት እናት። መድረኩ ላይ ከተደረደሩት አንዱን አንስተው ነበር።

ዛሬ ኒውላንድ ሰፈር ባለ አዳራሽ ውስጥ ገጣሚዋ ጓደኛዬ አሪየት ግጥሟን በአሮጌ ጫማዎች ላይ በነጭ ቀለም ጽፋ መድረክ ላይ ደርድራ ነበር። ተመልካቹ አንዱን እያነሳ ስንኙን ጮክ ብሎ ያነባል።

አንዱማ ስንኙን ትቶ የጫማውን ቁጥር ነበር የሚያየው፣ ልኩ እንደሆነ።

የእኚህ እናት ልጅ ወደ ኢታንግ ወረዳ እንደሄደ አልተመለሰም። የጫማው ተረከዝ ላይ ራሳቸው የሰፉትን ክር አሳዩን።

«እማማ፣ እኔ እኮ ከሰልባጅ ተራ ነው የገዛሁት» አለች አሪየት።

«ሰልባጅ ተራውስ ከማን ገዛው፣ ልጄ?»

እናትየው ጫማውን ብብታቸው ውስጥ ይዘው ወጡ።

እኔም የምጫማው ከዚያው ተራ የገዛሁትን ነው። ዛሬ አውልቄ፣ የሚያውቀው ካለ ብዬ ደጅ ትቼዋለሁ።

እናንተስ፣ የለበሳችሁት የማን እንደነበር አስባችሁ ታውቃላችሁ?