«ኮታ» የሚለው ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሳወራው ሰው ስለሚስቅብኝ ትቼው ነበር፤ ግን ከውስጤ አልወጣ አለኝ።

የምሠራው ሰበታ ዳር ባለ የዓሣ እርባታ ነው። ከወላይታ መጥቼ ስቀጠር ሥራውን ያስለመዱኝ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በትልቁ ኩሬ ጥግ ቆመው «ኮታ፣ ኮታ» ሲሉ ዓሦቹ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ መኖው ሳይሰምጥ ይበሉታል። እኔ ኦሮምኛ አልችልም። ለየኩሬው በኪሎ የሚመደበውን መኖ ሁላችንም ኮታ ስለምንለው፣ እሳቸውም እሱኑ አምጣ የሚሉኝ መስሎኝ ባልዲዬን ይዤ እሮጥላቸው ነበር። ይስቁብኝና ይቀበሉኛል። ምን እንደሚያስቃቸው ግን ነግረውኝ አያውቁም።

ሰኔ ላይ ታመው አረፉ። ሥራቸው ለእኔ ተሰጠ።

እኔ ስበትን ዓሦቹ ይዘገያሉ። መኖው ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃውን ያበላሸዋል። የአንዱ ኩሬ ዓሣ በዚሁ ምክንያት አልቆብን ስለነበር፣ ባለቤቱ የትልቁም ካለቀ እርባታውን እንደሚዘጋው ነግሮናል። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሌላ ሥራ ከየት አመጣለሁ?

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት መጋዘን ውስጥ መኖ ስሞላ፣ ከትልቁ ኩሬ በኩል «ኮታ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማብላት ሰዓት ገና ነበር። እንደ ልማዴ ባልዲውን አንስቼ ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የማን ድምፅ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ጥጉ ላይ ሰው የለም። ዓሦቹ ግን እሳቸው ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ፊት ተደራርበው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ ይዘጋሉ። አየር አጥሯቸዋል። ሄጄ ሳይ የውሃ መግቢያው በሣር ተደፍኗል። በእጄ ቦጫጭቄ ከፈትኩት። ጥቂት ብዘገይ አንድም አይተርፍም ነበር።

መኖ የምታደባልቀው ጫልቱ ስትመጣ ነገርኳት።

«ምን የሚል ድምፅ ነው የሰማኸው?»

«ኮታ። መኖ አምጣ ያሉኝ መስሎኝ ሮጥኩ።»

«ኮታ እኮ በኦሮምኛ ‹ኑ› ማለት ነው። ለብዙ ነው የሚባለው። አንተን ቢጠሩ ‹ኮቱ› ነበር የሚሉህ» አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ኩሬው አየች።

እኔ በጌታ የማምን ሰው ነኝ፤ ሙት ይጣራል የሚለውን ነገር አልቀበልም። ነፋስ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ሞክሬያለሁ። ታዲያ ዓሦቹ ማንን ሰምተው ነው እዚያ ጥግ የተሰበሰቡት?

ልጃችን በሰላም ተወለደ፣ እርባታውም አልተዘጋም። ኦቦ ቶሎሳን ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። ባለቤቱ ግን «መኖ እየባከነ ነው፣ እንደ እሳቸው እየጠራህ አብላቸው እንጂ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ቃሉንም አሁን አውቄዋለሁ። ኩሬው ዳር እቆምና ልጣራ አፌን እከፍታለሁ። እሳቸው ከማዶ «ኮታ» ብለው ቢቀበሉኝስ ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ።