የአሜሪካዪቱ የግራ ባሌስትራ

ሐኪሟ «ስኳርህ ከፍ ብሏልና ተራመድ» ካለችኝ ወዲህ፣ ጧት ጧት ከሰፈሬ ከዐጋሚም እየወረድኩ የናታንያን የባሕር ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እለካለሁ። እግሬ ሥራ ይዟል፤ ዓይኔ ግን ሥራ ፈት ስለሆነ በሰው ነገር ይገባል። ባለፈው ዐርብ አንድ ሆቴል በር ላይ ረጅም፣ የወተት ቀለም ያላት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ቆማ አየሁ። ከኋላ ሁለት ክንፍ አላት፤ ኒኬሏ ያብለጨልጫል፤ አፍንጫዋ ላይ የሙሽራ ሪባን ታስሯል። አላፊ አግዳሚው ፊቷን ፎቶ ያነሣል። እኔ ከኋላዋ ዞሬ ቁመናዋን አየሁ። በግራ በኩል ከቀኟ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላለች። እንዲህ የምትቆም አንዲት መኪና ብቻ ነው የማውቀው።

ያችን መኪና ሳውቃት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከመጣን አራት ዓመት ሆኖናል፤ ከወታደርነት እንደ ወጣሁ በከተማው የኢንዱስትሪ ሰፈር ቪክቶር የሚባል ሰው ጋራዥ መካኒክ ሆኜ ገባሁ። ቪክቶር በልጅነቱ ከሊቢያ፣ ከትሪፖሊ የመጣ፣ ስድሳን ያለፈ፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነበር። ሥራው አሮጌ የአሜሪካ የቅንጦት መኪናዎችን ማደስ ነው። «አዲስ ዕቃ መግጠም ማንም ይችላል» ይልና አንዲት የበር እጀታ ይዞ ሦስት ቀን ሲያጸዳ ይውላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገርን ከሥሩ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእነዚያ መኪናዎች ወንበር እንደ አልጋ ሰፊ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ የሲጋራ መተርኮሻ ተሠርቶለታል፤ መስኮቱ ቁልፍ ሲነካ እያጉረመረመ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ ምሳዬን እስክረሳ እፈታታ ነበር።

ያች ነጭ መኪና የመጣችው ኤቨን የሁዳ ከሚባል የቅርብ መንደር ነው። ጊዮራ የሚባል የብርቱካን አትክልት ባለቤት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ አይጥ ሲፈነጭባት ከኖረች በኋላ በጭነት መኪና አሳፍሮ አመጣት። እናቱ የተሞሸሩት በእሷ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል፤ በዚያን ቀን በእሷው ወደ ባሕሩ ሊወስዳቸው ቃል ገብቷል። «ሁሉ ነገር መኮሪ ይሁን፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣች» አለን፤ መኮሪ በዕብራይስጥ ኦሪጅናል ማለት ነው። እኛም በጋራዡ ውስጥ ሌላ ስም አላወጣንላትም፤ «አሜሪካዪት» አልናት።

ባሌስትራዋን ፈታን። ባሌስትራ እንደ ደጋን የጎበጡ፣ ተደራርበው የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። የግራውን ሰሌዳዎች ግድግዳው ሥር ደረደርናቸው። ዐርብ ቀትር ላይ ለሰንበት ስንጠራርግ፣ ረጅሙ ሰሌዳ ዝጎ ከውዳቂ ብረቱ በርሜል አጠገብ ወድቆ አየሁት፤ የተጣለ መሰለኝ። ሐሳቤ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄደ።

አባቴ አድማሱ በጎንደር ገጠር ቀጥቃጭ ነበሩ። የጭነት መኪና ባሌስትራ ቁራጭ ለመግዛት ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ጎንደር ከተማ ይወርዱ ነበር፤ ከእሱ የወጣ ማረሻ ድንጋይ አይበግረውም። ገበሬው ማረሻውን ይወስዳል፤ ከእሳቸው ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም። «ቡዳ ነው» ይላል። እጀ አመድ አፋሽ ማለት አባቴ ናቸው። እዚህ አገር ቡዳ የሚላቸው የለም፤ የሚፈልጋቸውም የለም። አራት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያዩ አንጀቴን ይበሉት ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ብረቱን በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

እሑድ ከሥራ ስመለስ ከሕንፃው ጀርባ ጭስ ይታየኛል። አባቴ ከሰል አቀጣጥለው፣ የእኅቴን የፀጉር ማድረቂያ ወናፍ አድርገው፣ ከየት እንዳገኙት የማላውቀው የሐዲድ ቁራጭ ላይ ይቀጠቅጣሉ። አጠገባቸው ያለቀለት ማረሻ አለ። ጫፉ ላይ እንደ ድሮው የሥራ ምልክታቸውን፣ በመሮ ሦስት ጭረት አሳርፈውበታል።

«አባ፣ ማን ሊያርስበት ነው?» አልኳቸው።

«ለማረስ አይደለም። እጄ እንዳይረሳ ነው» አሉኝ። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር።

ሰኞ ጧት ቪክቶር ሰሌዳዎቹን ሊያጸዳ አነሣና ቆጠራቸው።

«ረጅሙ የት ገባ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለች። አባቴ ማረሻ እንደሠሩበት ነገርኩት፤ ማረሻ የሚለውን ቃል በዕብራይስጥ ስለማላውቀው ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥዬ አሳየሁት። ቪክቶር ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ሌላው ሰሌዳ ቢሆን በቀላሉ እንተካው ነበር» አለ። «ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ከመኪናዋ ጋር የሚያያዘው ግን እሱ ነው። ከአሜሪካ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው። የጊዮራ እናት ልደት ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።» መባረሬ ነው ብዬ የያዝኩትን መፍቻ አስቀመጥኩ። እሱ ግን «ሠሪውን ነገ አምጣልኝ፤ የሠራውንም ይዞ ይምጣ» አለኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ለእኔ ብለህ እንጀራህን አጠፋህ» አሉ። በማግስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ማረሻውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብለው ተከተሉኝ።

ቪክቶር ማረሻውን ተቀበለና በመፍቻ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ደግሞ መታ። ከዚያ አባቴን ቀና ብሎ አየና «ባሌስትራ» አላቸው። እሱ ቃሉን የለመደው ትሪፖሊ ከነበሩ ጣሊያኖች ነው፤ እኛም አገር የገባው በጣሊያን ነው። አባቴም «ባሌስትራ» አሉ። የቀረውን ሁሉ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ከመኪናዋ ሥር ገብተው የቀኙን ባሌስትራ በገመድ ለኩ፤ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይኸን የቀጠቀጠው ማነው?»

«ፋብሪካ ነው አባ፤ ሰው አይደለም።»

«ፋብሪካውንስ ማን አስተማረው?»

ይህን ስተረጉምለት ቪክቶር ሳቀ፤ ወርዱ የሚመጥን የጭነት መኪና ባሌስትራም ፈልጎ አመጣላቸው።

ሦስት ቀን ፈጀ። የጋራዡን የጋዝ እሳት አባቴ «ባንድ ወገን ብቻ ያግላል» ብለው አልፈለጉትም፤ ከጋራዡ ጀርባ ረጅም ጉድጓድ ቆፍረው በከሰል ሞሉት። የጋለውን ብረት በምን እናቀዝቅዘው የሚለው ግን ጠብ ሆነ። ቪክቶር በዘይት ይላል፤ አባቴ በውሃ። ሁለቱም ግትር፣ እኔ መሃል ሆኜ ስተረጉም ከብረቱ ይልቅ የጋልኩት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አባቴ ትንሽ ቁራጭ አግለው ውሃ ውስጥ ነከሩና በመዶሻ ቢመቱት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «ሰውዬው እውነቱን ነው» አሉ። «ለማረሻ ውሃ፣ ለዚህ ዘይት።» ከዚያ በተራቸው አስተማሩት። ዘይት የጠጣውን ብረት እንዳይሰበር መልሰው አሞቁና ደረቅ እንጨት ፈተጉበት፤ እንጨቱ ብልጭ ሲል ከእሳቱ አወጡት። ቪክቶር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሦስት ጊዜ አስደገማቸው።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ የቪክቶር ሚስት የላከችው በቀይ በርበሬ የተሠራ የትሪፖሊ ዓሣ መጣ። ቪክቶር ሳህኑን ሣጥን ላይ አስቀመጠ፣ ዳቦውን ቆረሰ፣ ግማሹን ለአባቴ ሰጣቸውና ከዚያው ሳህን አጥቅሶ ጎረሰ። አባቴ እጃቸውን ልከው ከሳህኑ በላይ አቆሙት። ብረት ያሠራቸው ሰው አብሯቸው ሲበላ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቪክቶር ምንም አልገባውም፤ «ያቃጥላቸዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይ፣ ጥሩ ነው» አልኩት፤ አባቴም አጥቅሰው ጎረሱ።

ገጠምነው። አዲሱ ብረት ከአሮጌው ጉልበተኛ ስለሆነ መኪናዋ በግራ አንድ ጣት ከፍ አለች። ቪክቶር የኋላ ግራውን በር ከፈተና «የሠራው ከላዩ ይቀመጥ» አለ። አባቴን አሳፍረን በገደሉ አፋፍ ባለው የባሕር መንገድ ወጣን። የብርቱካን አበባ የሚሸትበት ሰሞን ነው፤ መስኮቱን ክፍት አድርገናል። የመንገዱን ጉብታ ስናልፍ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሥራቸው ያለውን አዳመጡ። «ያዘ» አሉ።

ቪክቶር ለጊዮራ አልደበቀውም። ጊዮራ መኪናዋን ዞራት፤ ከኋላ በእጁ ተጫናት። «ይኸ መኮሪ አይደለም» አለ። እጁን አነሣና፣ «እናቴም እንደ ድሮዋ አይደለችም» ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። እናቱም በቀናቸው ባሕሩን አዩ። ቪክቶር ጋራዡን እስኪዘጋ ድረስ ባሌስትራ በመጣ ቁጥር አባቴን ያስጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም በረንዳው ላይ መዳፋቸውን ሲያዩ ዳግም አላገኘኋቸውም።

ባለፈው ዐርብ እንግዲህ፣ ጉልበቴ እየጮኸ አስፋልቱ ላይ ተኝቼ ከሥሯ አየሁ፤ በግራው ባሌስትራ ላይ ሦስቱ የመሮ ጭረቶች አሉ። ሹፌሩ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

ማንነቱን ስጠይቀው የጊዮራ ልጅ ነው፤ አባቱ ካረፉ ወዲህ መኪናዋን የሚንከባከባት እሱ ነው። ጭረቶቹን በጣቴ ሳሳየው አጠገቤ ተንበረከከ። «አየሃቸው? ፎቶ አንሥቼ አሜሪካ ላሉ ሰብሳቢዎች ሁሉ ልኬ ነበር። የየትኛው ፋብሪካ ምልክት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። አንተ ታውቀዋለህ?»

«የአባቴ ነው» አልኩት።

ከጎንደር እስከ ፀጉር ማድረቂያው ድረስ ነገርኩት። ስማቸውን ጠየቀኝና በመኪናዋ መዝገብ ላይ ጻፈው። አባቴ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በአንድም የሥራ ወረቀት ላይ ሲሰፍር አላየሁም። ማረሻው እኔ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አለ፤ የልጅ ልጆቼ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ እርሻን ከሥር ጀምሬ ማስረዳት አለብኝ። ባሌስትራው ግን ማንንም ሳያስቸግር ሥራውን ሲሠራ ኖሯል።

ሙሽሮቹ ገና ከሆቴሉ አልወረዱም ነበር። ልጁ የኋላ ግራውን በር ከፈተልኝ፤ ገብቼ ተቀመጥኩና በዚያው የባሕር መንገድ ወጣን። ከመንገዱ ጉብታ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያዘ።