ለተኛው ቦይለር የፈረምኩት ፊርማ

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር ከሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጋር እኖር ነበር። በዲቪ መጥቼ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበርኩ። ቤቱ የልጃቸው ነው። እሱ ለሥራ ሌላ ስቴት ሲሄድ፣ ወላጆቹ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብሎ ላይኛውን ክፍል ሰጠኝ። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ።

የቆየ የእንጨት ቤት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ፣ ቁመቱ ከእኔ የማይተናነስ ቦይለር ቆሟል። ቦይለሩ ውሃውን ያሞቃል፤ ፓምፑ ደግሞ እየገፋ በየክፍሉ ወዳሉት የብረት ራዲያተሮች ይልከዋል። ልጅየው በስልክ ሁሌ "አባባ፣ አውጥተን በጋዝ እንለውጠው" ይላል። ጋሼ ወይ ፍንክች። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን በሳሙና ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ሲጠብቁ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አሜሪካ መጥተው የሚያውቁት ነገር ያገኙት እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ብቻ ይመስለኛል።

በግንቦት መጨረሻ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ ቦይለሩን አጠፉት። በዚያው ሳምንት አገር ቤት ያለች እህታቸው ታማ ሊሄዱ ተነሡ። እትዬ በጉልበታቸው ምክንያት መንገዱን አልቻሉትም። ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ምድር ቤት አወረዱኝ።

"ስሚ ልጄ፣" አሉኝ፣ እጃቸውን የቦይለሩ ጎን ላይ አሳርፈው፣ "ይሄ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ዕቃ የሚበላሸው ሲሠራ ብቻ አይደለም፤ ሲቀመጥም ነው። ያቺን ትንሽ መስኮት አትዝጊያት፤ እርጥበት ከገባ ብረቱን ይበላዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓምፑን ለአምስት ደቂቃ አስነሺው፤ ዝም ካለ ይነክሳል፣ ተጣብቆ አልዞርም ይላል። ያን ጊዜ እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ።"

ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት ለጥፈዋል። ለያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ ሳጥን።

"መስከረም ላይ ሳልመጣ ከበረደ ግን፣" ቀጠሉ፣ "ከመለኮስሽ በፊት የጭስ ማውጫውን ታያለሽ።" ከጭስ ማውጫው ግንብ ሥር ያለችውን ትንሽ የብረት በር ከፍተው የእጅ መስታወት አስገቡና ጎንበስ እንድል አደረጉኝ። መስታወቱ ውስጥ፣ ከጨለማው ጫፍ፣ የሰማይ ቁራጭ አየሁ። "ሰማይ ከታየሽ ለኩሺ። ካልታየሽ እንዳትነኪው።"

ሰኔን በደንብ ወረድኩ። ሐምሌ ላይ የሥራ ባልደረባዬ ሕፃን ወልዳ የሷን ሰዓት ደርቤ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ዘለልኩ፤ ቀጥሎም ሌላ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልብስ ላጥብ ስወርድ ወረቀቱ ባዶ ሳጥኖቹን ዘርግቶ አየኝ። ሰባት ነበሩ። ብዕር አነሣሁና ሰባቱንም ፈረምኩ። የእውነት እንዲመስል አንዱን ፊርማ ጠመም፣ ሌላውን ደቀቅ አድርጌ። አሁን ሳስበው ከመዝለሌ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

መስከረም ገና ሳይጋመስ ዝናብ ያዘ። እትዬ ሁለት ሹራብ ደርበው ሳሎን ተቀምጠው፣ "የኔ ልጅ፣ ጉልበቴ ውስጥ በረዶ የገባ መሰለኝ። በይ እስቲ ያን ነገር አስነሺልኝ" አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ወረድኩ። መጀመሪያ ፓምፑን አበራሁት። እምም አለና ቀረ። አልዞረም። አጥፍቼ እንደገና አበራሁት፤ ያው ነው።

አዲስ አበባ ያኔ አመሻሽ ነበር። ገመድ አልባውን ስልክ ይዤ ምድር ቤት ሆኜ ደወልኩ። ጋሼ ራሳቸው አነሡት። ከሰላምታ በኋላ ነገርኳቸው።

"በየቅዳሜው አስነሥተሽዋል?"

"አዎ ጋሼ።"

ድምፃቸው እስኪደርሰኝ መስመሩ ትንሽ ዘገየ። "እንግዲያው መንከሱ አይደለም። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆናል። እንዳትነኪው፤ ባለሙያ ይምጣ። እትዬሽን ብርድ ልብስ ደርቢላት፤ ምን ይደረግ።"

ከላይ እትዬ ሲያስሉ ይሰማኛል። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ጋለ።

"ጋሼ፣ ዋሽቼ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ፓምፑን አላስነሣሁትም። ፊርማውም የውሸት ነው።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ደግ፣" አሉ። "እውነቱን ካወቅን ሥራው ቀላል ነው። የፓምፑን ኤሌክትሪክ አጥፊው። ጠፍቷል? ሞተሩንና ፓምፑን የሚያገናኝ ብረት አለ። በጨርቅ ይዘሽ በእጅሽ አዙሪው። ቀስ ብለሽ፣ ወዲያና ወዲህ።"

ያዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ታገልኩ፤ መዳፌ ተላጠ። በሦስተኛው ትንሽ ጠጠር እንደተሰበረ ያለ ድምፅ ሰጠና ዞረ። ኤሌክትሪኩን ስመልሰው ፓምፑ በትክክል ተነሣ። ድምፁን በስልኩ ውስጥ ሰምተው ኖሮ "እሰይ" አሉ። ወዲያው ግን፣ "መስታወቱንስ?"

መስታወቱን ረስቼዋለሁ። ልለኩስ ነበር። በሯን ከፍቼ አስገባሁት፤ ጎንበስ አልኩ። ውጭው ቀን ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ግን ጥቁር ብቻ።

"ጋሼ፣ ሰማይ የለም።"

"ተይው። ከዚያ ውጪ። አሁኑኑ።"

የጭስ ማውጫ ጠራጊው በሦስተኛው ቀን መጣ። ከላይ ሁለት ባልዲ ሙሉ ጭራሮ፣ ላባና ደረቅ ሣር አወረደ። በጋውን ሙሉ ወፎች ቤት ሠርተውበት ኖሯል። ጎጆውን እያሳየኝ፣ ለኩሰሽው ቢሆን ኖሮ ጭሱና ያ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ተመልሶ ቤቱን ይሞላው ነበር አለኝ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ነበር። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባቸውም፤ "ምን አለሽ?" አሉኝ። "ወፎች ገብተው ነበር ነው የሚለው" አልኩ። የቀረውን የነገርኳቸው ማታ፣ እራት ላይ ነው። ፊርማውንም ጭምር። ጉርሻቸውን ይዘው አዩኝ፤ ከዚያ "ተመስገን" አሉና እኔን አጎረሱኝ።

ጋሼ እህታቸው ተሽሏት ጥቅምት ላይ ተመለሱ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ምድር ቤት ወረዱ። የውሸት ፊርማዎቹን እኔው ሰርዣቸው ነበር፤ ወረቀቱን ግን አልቀደድኩትም። ሻይ ጥጄ ኩሽና ጠበቅኳቸው። ወጥተው እጃቸውን ታጠቡና፣ "ፋብሪካው ውስጥ እያለሁ እኔም አንድ ክረምት እንዲሁ ፈርሜያለሁ" አሉ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

እዚያ ቤት ሌላ ሁለት ክረምት ቆየሁ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንወርድ ጀመር፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የእህታቸውን ወሬ ያወራሉ፣ እኔ እሠራለሁ። አግብቼ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር አፓርታማ ስገባ ማሞቂያው ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ሆነች። መጀመሪያ ሰሞን ጋሼ ደውለው "ቤቱ ይሞቃል?" ሲሉኝ፣ "በጣም" እላቸዋለሁ። እሳቸውም፣ "እንግዲህ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?" ይሉኝ ነበር። እኔም ቅዳሜ ባሌን ይዤ እነሱ ቤት ቡና ልጠጣ እሄድ ነበር።