ከወንድሜ ጋር የተከራየናት ክፍል

ዝናብ የነካው የሩዝ ገለባ ሞቅ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ዛሬም ወረታ ውስጥ በሩዝ መፈልፈያ ደጅ ሳልፍ ያ ሽታ ካገኘኝ እግሬ ይያዛል። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ለትምህርት የተከራየናት ክፍል ከመፈልፈያ ቤት ጀርባ ነበረች።

እሱ ዘጠነኛ፣ እኔ እህቱ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። እሑድ እሑድ ከገጠር ስንመለስ የሳምንቱን ስንቅ፣ ሽሮውንና ድርቆሹን፣ እሱ ይሸከማል። ከተማው መግቢያ ድልድዩ ላይ በእሱ ዕድሜ ያሉ የከተማ ልጆች ይጠብቁናል። የገጠር ልጅ ሲያዩ ስንቁን ይቀማሉ፤ እምቢ ያለውን ይደበድባሉ።

ወንድሜ እምቢ አለ። እዚያው ፊቴ ጥለው ረገጡት። ሽሮው ጭቃው ላይ ተበተነ። አባታችን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው ቢናገሩ «የልጆች ጠብ ነው» ተብለው ተመለሱ። ዱላው ቀጠለ።

ከዚያ አንድ እሑድ ማንም አልነካንም። እንዲያውም አንደኛው የወንድሜን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

«ምነው ዛሬ ተዉን?» አልኩት።

«ከእነሱ ጋር ሆኛለሁ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ሰፋችብኝ። ራት አቅርቤ እጠብቀዋለሁ፤ ሽሮው ይረጋል፣ የመፈልፈያው ሞተር ዝም ይላል፣ እሱ ግን የለም። አንድ ቀን የጣቱ አንጓ ተልጦ መጣ። «ማንን መታህ?» ብዬ ብጠይቀው «አንዱን» ብሎኝ ተኛ። ሌላ ጊዜ የእኛ ያልሆነ ስንቅ ይዞ ገባ። ከረጢቱ በእጅ የተሰፋ ነበር፤ የሆነች እናት የሰፋችው። ከዚያ ስንቅ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም።

ክረምቱ ሳይገባ ከልጆቹ ጋር ሱቅ ሰብረው ሲሰርቁ ተያዙ። ምሳ ቋጥሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጢሙ ገና ብቅ ብቅ ያለው ወንድሜ ከአጥሩ ማዶ ሲቀመጥ አነሰብኝ። ምሳውን ተቀብሎ አልከፈተውም።

«አሁን እሑድ እሑድ ከማን ጋር ትመጫለሽ?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«ድልድዩ ላይስ?»

«ሮጬ ነው የማልፈው» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖሊሱ «በቃሽ» እስኪለኝ ድረስ ወደ እኔ አልዞረም።

ከእስር ሲወጣ ወደ ትምህርቱም፣ ወደተከራየናት ክፍልም አልተመለሰም። ዛሬ መተማ ነው የሚኖረው። ስለዚያ ጊዜ አንስተን አናውቅም። በበዓል በበዓል ግን ይደውልልኛል፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኩን ባነሳም፣ ድልድዩን ገና አሁን የተሻገርኩ ይመስል፣ መጀመሪያ የሚለኝ «በደህና ገባሽ?» ነው።